የተረፈችው አንድ ቦታ

በምዝገባ ሰሞን ቢሮ ውስጥ መሳቂያ ነኝ። አንዱን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ስለምጠይቅ ነው። «ልጅዎ ኤሌክትሪክ ደርሷታል፤ ትመዘገባለች?» እላለሁ። «አዎ» ይሉኛል። «እርግጠኛ ነዎት?» እላለሁ። «አዎ አልኩ እኮ!» ይሉኛል። «እንግዲያው ልጻፈው?» እላለሁ። ሰልፉ ያጉረመርማል፤ ከጎኔ የምትቀመጠው ጸሐፊ ዐይኗን ጣሪያው ላይ ትሰቅላለች። «አይ» የሚሉትን ደግሞ ጨርሶ አልለቃቸውም፤ ተነሥቼ በር ድረስ የምከተላቸው ጊዜ አለ። ይሳቁ። እኔ የማውቀውን ቢያውቁ አይስቁም ነበር።

ደብረ ታቦር ካለ አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ፣ ሬጅስትራር ቢሮ ውስጥ፣ ፀጉሬን ያሸበትኩ ሴት ነኝ። በየዓመቱ በሩ አጠገብ ያለውን የማስታወቂያ ሰሌዳ የምሞላው እኔ ነኝ። ልብስ ስፌት፣ የእንጨት ሥራ፣ ቅየሳ፣ ኤሌክትሪክ፣ አውቶሞቲቭ፣ ሂሳብ አያያዝ፣ የውኃ መስመር ዝርጋታ። አንዱ በደረጃ ሁለት ያበቃል፣ ሌላው እስከ ደረጃ አራት ይዘልቃል። የቀን አለ፣ የማታ አለ፣ የቅዳሜና እሑድ አለ። ሁሉንም በደማቅ እስክሪብቶ አሳምሬ እጽፋለሁ፣ ማንም አያነበውም። እዚያው ሰሌዳው ሥር ቆመው «እመይቴ፣ እዚህ ቤት ምን ምን አለ?» ይሉኛል።

«ዲግሪስ ትሰጣላችሁ?» ይላሉ ቀጥለው። ዲግሪ ዩኒቨርሲቲው ዘንድ ነው፣ እኛ የምንሰጠው ሰርተፍኬት ነው ስላቸው ፊታቸው ይጠቁራል። አብዛኞቹ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነጥብ ያልመጣላቸው ልጆችና የእነሱ ወላጆች ናቸው፤ ሲመጡም እንደ ጥፋተኛ አንገታቸውን ደፍተው ነው። አንድ ገበሬማ ልጄን ደረጃ አራት አላስገባም ብለው ግማሽ ቀን ተከራክረውኛል። «ልጄ አራተኛ ወጥታ አታውቅም፤ የሚገባት ደረጃ አንድ ነው» ብለው ድርቅ አሉ። እዚህ ቤት አራቱ ከአንዱ እንደሚበልጥ እስካስረዳቸው ድረስ ጉሮሮዬ ደረቀ። ስቄ ነው የሸኘኋቸው። ያን ጊዜ እስቅ ነበር።

ካቻምና፣ ምዝገባ ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ አንዲት ልጅ ሰሌዳው ሥር ቆማ ስትጽፍ አየኋት። ብርድ ያጠቆረው ጉንጭ፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ አረንጓዴ ሹራብ፣ ጭቃ የጠገበ ኮንጎ ጫማ። ደብተሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ከላይ እስከ ታች፣ አንድ ሳታስቀር፣ ደረጃውን ጭምር ትገለብጣለች። በሥራ ዘመኔ ሰሌዳዬን ሙሉውን ያነበበ ሰው ያየሁት ያኔ ነው። ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ደግሞ ሰው መነካካት አመሌ ነው።

«አንቺ፣ ሁሉንም ልትማሪው ነው እንዴ?» አልኳት።

በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች። «አባዬ ማንበብ አይችልም። ቤት ስገባ ላነብለት ነው። ሁሉንም ሳይሰማ አይመርጥም።»

«አንቺስ የቱን መረጥሽ?»

ጣቷን የመጨረሻው መስመር ላይ አሳረፈች። የእንስሳት ጤና፣ ደረጃ አራት። በዚያ ዓመት ገና መከፈቱ ነበር፤ የሚቀበለውም ሃያ አምስት ሰው ብቻ ነው።

አገሯ ከገሳይ ወደ ላይ፣ ጉና ሥር ነው። እዚያ ገብስ ነው፣ ድንች ነው፣ በግ ነው። ለዚያ ሁሉ ቀበሌ ያለው አንድ የከብት ሐኪም ነው፤ እሱም ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል ይባላል እንጂ የመጣበትን ሐሙስ ያየ የለም አለችኝ። በክረምቱ በጎቻቸው ሳል ይዟቸው አሥራ አንዱ አልቀዋል። አንገታቸውን ይዛ ውኃ ስትግታቸው የነበረችው እሷ ናት። «መድኃኒቱ እኮ አለ» አለች፣ እኔን የምትወቅስ በሚመስል ድምፅ፣ «የሚወጋ ነው የጠፋው።»

ልጅቷ አንጀቴን በላችው። ቅጹን ራሴ አስሞላኋት። ነጥቧ ግን ትንሽ አነሰና ዝርዝሩ ሲወጣ ተጠባባቂ ሆነች፣ የተጠባባቂዎቹ አንደኛ። ከሃያ አምስቱ አንዱ ከቀረ ቦታው የእሷ ነው ማለት ነው። ደንቡም ግልጽ ነው፤ ተጠባባቂ የሚጠራው በአንድ ቀን፣ እስከ ስድስት ሰዓት ነው፤ ከዚያ ዝርዝሩ ተዘግቶ ወደ ዞን ይላካል።

በዚያ ቀን ከሃያ አምስቱ አንዱ ቀረ።

እኔ ግን በዚያ ቀን ሰው አልነበርኩም። ከጠዋት ጀምሮ ፕሪንተሩ ወረቀት ይበላል። የዲኑ ጸሐፊ በየሩብ ሰዓቱ እየመጣች «አለቀ ወይ?» ትላለች። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ዝናብ የበላው ጋቢ ሽታ ያፍናል። ከጀርባዬ ግድግዳው ላይ «ምዝገባ፦ አምስት ደቂቃ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ሰዉ እሱን ያያል፣ እኔን ያያል። በክረምቱ ደግሞ ስለ ተገልጋይ አያያዝ ሥልጠና ወስደን ነበር። አሠልጣኙ «አዎ ማለት አዎ ነው፣ አይ ማለት አይ ነው፤ ሰውን አትጨቅጭቁ» ብሎናል። ወድጄለት ነበር፣ አፈር ልብላ። በማስታወሻዬ ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

የልጅቷን ስም ጠራሁ። ከአባቷ ጋር መጣች። ረጅም፣ ከሲታ አዛውንት ናቸው፤ ዱላቸውን በር ላይ ትተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ሁለት ጊዜ እጅ ነሥተው ነው የቀረቡኝ።

«አባቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ ለልጅዎ ደርሷታል» አልኳቸው። «የእንስሳት ጤና አንድ ቦታ ተርፏል። ትመዘገባለች?»

«ኧረ እመይቴ፣ ምን ብለን እናስቸግራችሁ» አሉ ዐይናቸውን ወደ መሬት ሰብረው። «ተዉት ግድ የለም። ከኛ የባሰ የተቸገረ አይጠፋም፤ ለሌላ ለተቸገረ ይሁን።»

ልጅቷ አጠገባቸው ቆማለች። አባት ሲናገር ልጅ አይገባም፣ ያውም ቢሮ ውስጥ። ፊቷን ግን አየሁት፤ ፈገግ ብላለች። ጭንቀት የሚባል ነገር የለባትም። ሁሉ ነገር እንደ ወጉ እየሄደላት ያለች ሰው ፈገግታ ነው።

«እሺ፣ እንደፈቀዱ» አልኩ። ቀይ እስክሪብቶ አነሣሁና ስሟን ሰረዝኩ። ቀጥሎ ያለችውን ተጠባባቂ ጠራሁ። አንዲት የከተማ ልጅ ስሟን ጠርቼ ሳልጨርስ «አዎ!» እያለች ሰው ጥሳ መጣችና ፈረመች። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

አባትና ልጅ ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ እንጂ አልወጡም። ትንሽ ቆይቼ በመስኮት ሳይ ግቢው ውስጥ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ቆመዋል። የደከማቸው መሰለኝ። ምሳ ሰዓት ስወጣም እዚያው ናቸው። በአጠገባቸው ሳልፍ አዛውንቱ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡኝ፤ እኔም አጸፋውን መልሼ ወደ ምሳዬ ሄድኩ። ሽሮ ነበር የበላሁት። ይህን እንኳ አልረሳሁትም።

ስምንት ሰዓት ላይ ቢሮ ስከፍት ከማንም ቀድመው ገቡ። አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። «እንግዲህ እመይቴ» አሉ፣ «እናንተ ይህን ያህል ካላችሁማ እምቢ ማለቱ ነውር ነው። እሺ ብለናል። የሚፈረመውን አምጡት።»

ማንም ምንም አላለም ነበር እኮ! እሳቸው ግን በልባቸው ሁለተኛውን ልመናም ሦስተኛውንም ከኛ ሰምተዋል፤ ስንዘገይባቸው፣ የቢሮ ሰው ሥራ ይበዛበታል ብለው ራሳቸው ሞልተውልናል።

ያኔ ነው ያደረግኩት የገባኝ። የሌላ አገር ሰው ብሆን አይፈረድብኝም። እኔ ግን የዚያው አገር ልጅ ነኝ፤ እናት አባቴ ገበሬዎች ናቸው። ልጅ ሆኜ ጎረቤት ቤት ገብቼ «ብዪ» ሲሉኝ አንዴ ብቻ «በቃኝ» ብዬ በሁለተኛው በመቀመጤ እናቴ ጭኔን ቆንጥጣ «ርኃብተኛ አስመሰልሽኝ» ብላ አልቅሳለች። አባቴ የባሌን ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ በባዶ መልሷቸዋል፤ ባሌን ጠልቶት እንዳይመስላችሁ፣ ከእኔ ይልቅ የወደደው እሱ ነበር። ግን የሰው ልጅ፣ የራስ ልጅ፣ በመጀመሪያው ቀን እሺ ተብሎ አይሰጥም። የተሰጠህንም በመጀመሪያው አትቀበልም። መግደርደር ይባላል። ለማኝ አለመሆንህን ታሳያለህ፣ ሰጪውንም ታከብረዋለህ፤ እሱም ከልቡ መሆኑን ደግሞ ደጋግሞ በመለመን ያሳይሃል። ይህን ሁሉ በወተት ነው የጠጣሁት። አንድ ቀይ እስክሪብቶና አንድ ሳምንት ሥልጠና አስረሱኝ።

«አባቴ» አልኳቸው። «ቦታው... ለሌላ ተሰጠ እኮ። ጠዋት ይቅር አላሉኝም?»

አዛውንቱ አንዴ እኔን፣ አንዴ ልጃቸውን አዩ። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ያፈሩት ራሳቸው ናቸው።

«አልደገማችሁልኝማ» አሉ በቀስታ።

የልጅቷ ፈገግታ ያኔ ነው የጠፋው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ከፊቷ አልወረደም ነበር።

ወደ ዲኑ ሮጥኩ። ዲናችን ከሌላ ክልል የመጣ፣ ጨዋና ቅን ሰው ነው፤ ሊጎዳቸው አልፈለገም። ግን ዝርዝሩ ሄዷል፣ የከተማዋ ልጅ ፈርማለች። «ቆይ ግን» አለኝ፣ ከልቡ ሊገባው ፈልጎ፣ «ከፈለጉ ለምን አይ አሉ?» ባህላችን ነው አልኩት። እንደዚያ በአንድ ቃል ስናገረው ለራሴም የጅል ነገር ሆኖ ተሰማኝ። «ልብስ ስፌት ሦስት ክፍት ቦታ አለ፤ እሱን ስጧት» አለ።

ተመልሼ ነገርኳቸው። አዛውንቱን ትቼ ልጅቷን ነው የጠየቅኳት፤ ሁለት ጊዜም፣ ሦስት ጊዜም ጠየቅኳት።

«እመይቴ» አለች ሹራቧን እየጎተተች፣ «እኔ የማውቀው በግ ነው።»

እንባዬ መጣ። ሰው ፊት ማልቀስ አልወድም፤ ስለዚህ ተቆጣሁ። «በቃ ለከርሞ ትመጫለሽ!» አልኳት። «ነገርኩሽ፣ ቦታሽ እኔ ዘንድ ነው! ማንም አይነካውም! እኔ ልሙትልሽ!» ስሟን በወረቀት ጻፍኩና ጠረጴዛዬ ላይ ካለው መስታወት ሥር፣ ሁልጊዜ ዐይኔ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አኖርኩት። የጎረቤታቸውን ስልክ ቁጥር ጻፍኩበት። አዛውንቱ ሲወጡ መርቀውኝ ሄዱ። መረቁኝ፣ እኔን!

ከዚያ በኋላ ነው ይህ ሦስት ጊዜ የመጠየቅ አመል የያዘኝ።

ዓመቱ እንዴት እንዳለፈ መናገር አያስፈልግም፤ ሁላችንም አንድ ላይ ነው ያሳለፍነው። መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ስልኩም ለወራት ጠፋ። ሲመለስ ወደ ጎረቤታቸው ብደውል ብደውል አይነሣም። ለእኔ ግን ሐሳብ አልሆነብኝም። ልጅቷን እያሰብኩ ደስ ይለኝ ነበር እንዲያውም። ለዲኑ ማመልከቻ ጽፌ፣ ባለፈው ዓመት በቢሮ ስሕተት የቀረች ተጠባባቂ በቅድሚያ ትገባለች የሚል ውሳኔ በማኅተም አስወጣሁ። የእንስሳት ጤና መምህሩን እንኳ «አንዲት ልጅ ትመጣልሃለች፣ ስለ በግ አንተን ታስተምርሃለች» እያልኩ አበሽቀው ነበር። ወረቀቱ መስታወቱ ሥር ቢጫ ሆነ። ሻይ በፈሰሰ ቁጥር እየጠረግኩት ከረመ።

አምና ምዝገባው ብዙ ዘግይቶ ተጀመረ። በሁለተኛው ቀን አዛውንቱን ከሰልፉ ጫፍ አየኋቸው። ዱላቸውን በር ላይ ትተዋል፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ብቻቸውን ናቸው። ልጅቷ ግቢ ውስጥ ቀርታ፣ ወይ ደግሞ ሰሌዳዬን እየገለበጠች ይሆናል አልኩ።

«እሰይ! እሰይ! አባቴ፣ ወዲህ ይምጡ!» ብዬ ጮህኩ። ሰልፉ ተንጫጫ። «ዝም በሉ! እሳቸው ዓመት ሙሉ ተሰልፈዋል!» አልኩና እጃቸውን ይዤ ከፊት አመጣኋቸው። ወንበር ሰጠኋቸው፤ «ግድ የለም፣ ቆሜ» አሉ። ደገምኩ፣ ሠለስኩ፣ ተቀመጡ። ሻይ አስመጣሁ፤ «አሁን ጠጥቼ መጣሁ» አሉ። የት እንደሚጠጡ አላውቅ ይመስል! ደገምኩ፣ ሠለስኩ፣ ተቀበሉ። አቤት ደስታዬ! ዘንድሮስ ገባኝ፣ ዘንድሮስ ሰው ሆንኩ ብዬ ልቤ ሊፈነዳ።

መስታወቱን በጣቴ መታ መታ አደረግኩ። «ይኸው ስሟ። ይኸው ማኅተሙ። የእንስሳት ጤና፣ ደረጃ አራት። ልመዝግባት?»

አዛውንቱ የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጡ። «ተይ ልጄ» አሉ። ካቻምና እመይቴ ነበር ያሉኝ፣ አንቱ ብለውኝ ነበር። «ተይው። ለሌላ ለተቸገረ ይሁን።»

ሳቅሁ። ይህን ሳቄን ነው እስከ ዛሬ ይቅር ያላልኩት። «አያ! ዘንድሮማ አልሸወድልዎትም!» አልኳቸው። ጸሐፊዋም ሳቀች፣ ነገሩን ታውቃለች። «ደገምኩ፤ ትመዘገብ?»

«ተይ ልጄ።»

«ሠለስኩ! በእመቤታችን ይዤዎታለሁ፣ በሞቴ፣ ትመዘገብ?»

«ልጄ» አሉ፣ «የምሬን ነው። ቦታው በስሟ ተይዞ እንዳይከርም፣ የሰው ልጅ እንዳይቀርበት ብዬ ነው የመጣሁት። ሌላ ጉዳይ የለኝም።»

ከጉና ሥር ድረስ፣ በዚያ መንገድ፣ መኪና ባለበት በመኪና በሌለበት በእግር፣ በተዘጋበት እየዞሩ፣ ሁለት ቀን ተጉዘው የመጡት ለዚህ ነው። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ጫጫታ እንዳለ ነበር፤ እኔ ግን የእሳቸውን ድምፅ ብቻ ነው የምሰማው።

«ልጅቷስ? ታመመች እንዴ?»

«ደኅና ናት፣ ተመስገን። ተድራለች።»

በጥር ነው አሉ። ሦስት ሽማግሌዎችና አንድ ቄስ መጡ፣ ከእብናት ቆላ። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ከብትም አለው። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ በር ላይ ቆመው፣ ግቡ ተብለው ገብተው፣ ልጅዎን ለልጃችን አሏቸው። የመጀመሪያ ቀናቸው ነው። ስንቃቸውን ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጉዞ ሁሉ አስበው ነው የመጡት። እናቲቱ ከጓዳ ሆና ታያቸዋለች። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ናት።

«እኔ አፌን ልከፍት ስል ይቺ ቢሮ ትዝ አለችኝ» አሉ። ጠረጴዛዬን በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉት። «አንዴ ለሌላ ይሁን ብዬ የልጄን እንጀራ አስወሰድኩባት። ዘመኑ የሚደግምልህ ዘመን አይደለም አልኩ በሆዴ። አንዴ ከመለስካቸው ይሄዳሉ፣ ሄደው ሌላ ቤት ይገባሉ፤ ይቺ ልጅ በኔ ምክንያት ሁለተኛ ቆማ ትቀራለች አልኩ። እና በመጀመሪያው ቀን፣ እዚያው በተቀመጥኩበት፣ እሺ አልኳቸው።»

«ሽማግሌዎቹስ?»

«እነሱም ደነገጡ። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ቄሱ ‹ይመካከሩበት እንጂ› ብለውኝ ነበር። ‹ተመካክሬያለሁ› አልኩ።»

ልጅቷ አላለቀሰችም፣ አልሸሸችም። ጓዳ ውስጥ ቆማ ፈገግ ብላ ነበር አሉ፣ እናቲቱ እንደነገረቻቸው። አባቷ አንዴ ይመልሷቸዋል፣ ሁለተኛ ይመልሷቸዋል፤ ሽማግሌ ወደ እብናት ወርዶ እስኪወጣ፣ ፋሲካው፣ ክረምቱ ሲጨመርበት ምዝገባው ይደርሳል ብላ አስልታዋለች። ያንን ፈገግታ አውቀዋለሁ። በዓለም ላይ ከእናቷ ሌላ የማውቀው እኔ ነኝ።

«ስትሰማ ምን አለች?» አልኳቸው። ባልጠይቅ ይሻለኝ ነበር።

አዛውንቱ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዟዟሩት።

«ወጥታ ፊቴ ቆመች» አሉ። «‹አባዬ፣ አንዴ እንኳ?› አለችኝ።»

ስለ እሷ ጥቂት ነገር ነገሩኝ። እዚያ በግ የለም አሉ፣ ፍየል ነው ያለው፤ ፍየሎቹን ስታስታምም አይቶ ጎረቤት ሁሉ እየተጣራ ይወስዳታል አሉ፣ እንደ መኩራራት ብለው። ደብተሯን፣ ያን ሰሌዳዬን የገለበጠችበትን፣ ይዛው ሄዳለች። ሲነሡ ሻዩን አልጨረሱትም። ሦስት ጊዜ ጠጡ አልኳቸው፣ የምር በቅቷቸው ኖሯል።

መስታወቱን አንሥቼ ወረቀቱን ላወጣው ስል ተጣብቆ ተቀደደ። የስሟ እኩሌታ መስታወቱ ላይ ቀረ። ሰልፉ ያጉረመርማል፤ የዲኑ ጸሐፊ «አለቀ ወይ?» እያለች መጣች። ቀይ እስክሪብቶ አልነበረኝም፤ ከካቻምና ጀምሮ በመሳቢያዬ አላስገባውም። ከዝርዝሩ ላይ ስሟን በሰማያዊ ሰረዝኩት። ከተጠባባቂዎቹ አንደኛዋን ጠራሁ። ቀጭን ልጅ ናት፣ ከአንበሳሜ የመጣች፣ አብሯት ሰው የለም።

«የእንስሳት ጤና ደርሶሻል» አልኳት። «ትመዘገቢያለሽ?»

«አዎ» አለች።

«ደገምኩ። ትመዘገቢያለሽ?»

«አዎ።»

ቀና ስል አዛውንቱ ገና አልሄዱም። ዱላቸውን አንሥተው በሩ ላይ ቆመው ያዳምጡኛል።

«ሠለስኩ» አልኳት። «ትመዘገቢያለሽ?»

«አዎ አልኩ እኮ» አለች ልጅቷ፣ ግራ ገብቷት።

ይህን ሰምተው ባርኔጣቸውን ራሳቸው ላይ አደረጉና ሄዱ።